ለአራት ጭረት ኢንሹራንስ ይጠየቃል?

ጥር 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለቆቋ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እትዬሽ ደህና ናት፤ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፤ መኪናሽም፣ እንግዲህ፣ ደህና ናት ማለት ይቻላል። ከጉያችን ወጥተሽ ሰው አገር የገባሽውን ልጅ ፈጣሪ በመዳፉ ይያዝልን፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ።

ይህን ጉዳይ በስልክ ያላነሳሁት ስልኩን ቀድማ የምታነሳው እትዬሽ ስለሆነች ነው። አጠገቤ ቆማ ትንፋሼን እያዳመጠች እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ስለዚህ አንቺም በደብዳቤ መልሺልኝ። ደግሞ በትልልቁ ጻፊ፤ ያለፈው ደብዳቤሽ ጉንዳን የተሰለፈበት ነው የሚመስለው።

ነገሩ ይህ ነው። መኪናዋ ቀኝ ጎኗ ላይ ተጭራለች። የምታስደነግጥ አይደለችም፤ ከኋላው በር ጀምራ ወደ ፊት የምትሄድ አንዲት ነጭ መስመር ናት። ዳቦ ቤቱ በር ላይ አቁሜ እንቁላል ሳወርድ አንድ ባለ ጋሪ ታክኮ አልፎ ነው። ባለ ጋሪውን አላየሁትም።

አንቺው ታውቂያለሽ፤ ሠላሳ ዓመት ሰው መንዳት ሳስተምር በእጄ ያለች መኪና ጭረት አልወጣባትም። ስም አውጥተው "ጋሽ ቀስ" ያሉኝ ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ጡረታ ወጥቼ አንቺ በገዛሽልን መኪና ለዳቦ ቤቶች እንቁላል ማድረስ ስጀምር፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ ለእርስዎ ነው" እያለ ሲስቅብኝ ከርሟል። ጭረቷን ካየ ወዲህ ግን ሳቁን ትቶ መካሪ ሆኗል። በየዓመቱ እየከፈላችሁ አንድ ቀን እንኳን ያልነካችሁትን ኢንሹራንስ አሁን ካልጠየቃችሁ መቼ ልትጠይቁ ነው ይለኛል። እትዬሽ ደግሞ "ለዚህች? ተዉት" ብላ ፊቷን ታዞራለች። ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ብጠይቅ፣ ከጥገናው የመጀመሪያውን ወጪ እኛው ከኪሳችን እንሸፍናለን፣ ያለ አደጋ ለቆየንበት የሚያደርጉልን ቅናሽም በሚቀጥለው ዓመት ይቀራል አሉኝ።

መኪናዋም ኢንሹራንሱም በስምሽ ነውና ቃልሽን እጠብቃለሁ። እንጠይቅ ወይስ እንተወው? ልቤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያለ ሥራ አስፈታኝ።

አጎትሽ፣ ጋሽ ቀስ


ጥር 30

ለጋሼ፤

ከሩቅ ጉልበትዎን ስሜ ነው የምጀምረው። እንደምን ከረሙ? እትዬስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ወገቤ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁንም በአንድ ቤት በአንድ ሳቅ ያቆይልኝ።

ይኸው በትልልቁ ጻፍኩ። ወረቀት ጨረስኩ ካልኩ ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

እትዬ ለጎረቤት ሁሉ "መኪና ታከራያለች" እያለች ታወራለች አሉ። የሚያከራዩትስ ሌሎች ናቸው። እኔ የተከራየው ሰው መኪናውን ሲመልስ የእጅ ባትሪ ይዤ ዙሪያውን እየዞርኩ ጭረት የምፈልግ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና። አገኘሁ ስላቸው "ስወስደውም ነበረ" የማይል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ዶክተርም ሆነ ዳኛ፣ በዚህ ሁሉም አንድ ናቸው። ጭረት ግን ይናገራል ጋሼ። ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ፣ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ይሁን ወደ ኋላ፣ ቀለሙ የተጠረገበትንና የተጠራቀመበትን ጫፍ አይቶ መናገር ይቻላል።

የእኔ ቃል፣ እንጠይቅ ነው። ያንን ገንዘብ በየዓመቱ የምከፍለው በዚሁ ወገቤ ነው። ለጎማ አልጠየቅንም፣ ለመስታወት አልጠየቅንም። ባለ ጋሪ መጥቶ ቢጭረን እንኳን እኛው ልንቀባ ነው? ፎቶ ቤት ወስደው፣ በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ ያስነሱና ይላኩልኝ። ቀኑንና ዳቦ ቤቱንም ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልሽ አለኝ። እርስዎ ድሮ እኔ ከመንገዱ ማዶ ማስቲካ ስገዛ ከበረንዳ ሆነው ስንት እንደገዛሁ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ጋሪን የሚያህል ነገር እንዴት አመለጠዎት?

ልጅዎ


የካቲት 24

ለቆቋ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ወገብሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ፤ ጎንበስ የሚያሰኝሽ ሥራ ቀና አድርጎ ያኑርሽ። እኛ እንዳለን አለን።

መልሴ የዘገየው ፎቶ ቤቱ አንዴ ተዘግቶ፣ አንዴ መብራት የለም ብሎኝ ነው። ይኸው ሦስት ፎቶ ልኬልሻለሁ። ሦስት የሆነው ጭረቱም ሦስት ስለሆነ ነው። የቀሩት ሁለቱ ከደብዳቤሽ በኋላ የመጡ ናቸው።

ባለ ጋሪ ያልኩሽን ተይው። ነገሩን ደግሜ ደጋግሜ ሳስበው የገዛ ግቢያችን በር ሳይሆን አይቀርም። ይህ በር እኮ ከዓመት ዓመት የሚጠብ ይመስለኛል። መኪናዋ በአፍንጫዋ ገብታ ወደ ኋላ ነው የምትወጣው፤ በቀኝ በኩል ያለው የብረት ቋሚ ደግሞ ትንሽ ወደ ውስጥ ዘሟል። እሱን እንዲያቃናልኝ ለብረት ሠራተኛው ነግሬዋለሁ።

ስለ ኢንሹራንሱ፣ ይቅር ብያለሁ። ለሦስት ጭረት ሦስት ጊዜ ነው የሚጠየቀው አሉኝ፤ እያንዳንዱ የራሱ አደጋ ነው። ገማች መጥቶ ግቢዬ ውስጥ እንዲዞር አልፈልግም። እትዬሽም አትፈልግም። ልብስ ሰፊውን ምክሩን በመርፌው ይያዝ ብዬዋለሁ።

ይልቅ ከቻልሽ ለቀኝ በኩል የሚሆን ሰፋ ያለ ስፖኪዮ ላኪልኝ፤ እዚህ ያሉት መስታወታቸው ፊትም አያሳይ። ለእትዬሽ ደግሞ ሶሉ ስስ የሆነ ጫማና ወንበር ላይ የሚደረግ ጠንካራ ትራስ። ለምን አትበዪኝ። አሮጊት ሆናለች፣ እግሯም ቁመቷም አስቸገራት።

እኔ ደህና ነኝ። ብቻ መቀመጥ አቃተኝ። ገብቼ ቁጭ እላለሁ፣ ተነስቼ ወጥቼ ጭረቶቹን በጣቴ እዳብሳለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ዶሮዎቹ እንኳን ሲሰለቹኝ አየሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 15

ለጋሼ፤

ጤናዎን እመኛለሁ፤ ዛሬ ከልቤ ነው የምመኘው።

ፎቶዎቹን መስኮት ላይ ለጥፌ ስመለከት ሰነበትኩ። የሥራ ባልደረባዬም አየችልኝ። ሦስቱም ቀኝ ጎን ላይ ናቸው። ሦስቱም ከጉልበት ከፍ ብለው በአንድ ቁመት ላይ የሄዱ ናቸው። ሦስቱም መኪናዋ ወደ ኋላ ስትወጣ የተጫሩ ናቸው። ጋሪ የለበትም፤ በሩም አልጠበበም። ያ በር እኔን በብስክሌት፣ እርስዎን ከነመኪናዎ ስንት ዓመት አስገብቶ አስወጥቷል።

የሚያይ ሰው አንድ ቋሚ ሦስት ጊዜ አይጭርም። ጋሼ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?

በትልልቁ ጻፊ ሲሉኝ ስቄ ነበር። አሁን ግን መኪና እያየሁ የማስበው የእርስዎን ዓይን ሆነ፤ ትናንት አንድ ትልቅ ጭረት አልፌ በአለቃዬ ተቆጣሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እከኬን ደብቄ የገረፉኝን አልረሳሁም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ ይቆጡኝ። የኢንሹራንስ ጥያቄውን በስሜ ልኬዋለሁ። ገማቹ ቤት ድረስ ይመጣል። መንጃ ፈቃድዎን ይዘው ነጂው እርስዎ መሆንዎን ይፈርማሉ። የታደሰ የዓይን ምርመራ ካልያዙም ያንን ይጠይቁዎታል። እኔ ብለምንዎት እንቢ እንደሚሉኝ አውቃለሁና እነሱ ይጠይቁልኝ ብዬ ነው። ዓይንዎ ከሆነ ደግሞ መኪናዋን እሸጣታለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል። ዛሬ ቋሚ ነው፣ ነገ ሰው ቢሆንስ?

ጫማውንና ትራሱን ልኬያለሁ። ስፖኪዮውን ግን አልላክሁም። ለማያይ ዓይን መስታወት ማስፋት ምን ያደርጋል?

ልጅዎ


ሚያዝያ 10

ጋሼ፤

መልስ የለም። ስልክ ስደውል እትዬ "ደህና ነን፣ ደህና ነን" ብላ ቶሎ ትዘጋዋለች። እርስዎን አቅርቢልኝ ስላት አንዴ ዶሮ ቤት ነው፣ አንዴ ተኝቷል። ከሥራ ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ የደብዳቤ ሳጥኑን እከፍታለሁ። ተቀይመውኝ ከሆነ እንኳን ተቀይሜሻለሁ ብለው ይጻፉልኝ። ሰው ገጭተው ከሆነም ይጻፉልኝ። ዝምታዎን ግን አልቻልኩትም።

ልጅዎ


ሚያዝያ 12

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ተቀይሜሻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውንም ተቀይሜ ነው የምጽፈው።

ገማቹ መጣ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ተማሪዬ። ያ ረጅሙ፣ መኪና ወደ ኋላ ማውጣት አልሆንልህ ብሎት ሁለት ጊዜ ፈተና የወደቀው። ግቢ ሲገባ ጫማውን ሊያወልቅ ምንም አልቀረው። መኪናዋን ዞራት። አራተኛ ጭረት ከመጣች ሳምንቷ ነበር፤ እሷንም ነካ ነካ አደረጋት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቆማ ሳለች ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ጫራት ብለን በአንድ እንጻፈውና ይለቅ አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ስለሚወደኝ ነው። እስክሪብቶውን ሰጠኝ፣ እኔም ያዝኩት። ሠላሳ ዓመት "ገጭቶ የሚደብቅ መንዳት አልተማረም" ስል የኖርኩ ሰው፣ ያዝኩት ቆቋ።

እትዬሽ የዶሮ መኖ ባልዲ ይዛ ከጓሮ ብቅ አለች። ባልዲውን አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ የጫርኳት" አለችው። "እሱ መሪ ከጨበጠ ሰባት ወሩ ነው።"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። እኔ እስክሪብቶውን መለስኩለት።

እንግዲህ እውነቱን ስሚ። ከመስከረም ጀምሮ ቀኝ ዓይኔ ላይ እንደ ጉም ያለ ነገር ወርዷል። አያመኝም፣ አይቆጠቁጠኝም፤ ዕድሜ ነው። ጉሙን ባየሁ ማግስት ቁልፉን ሰቅያለሁ። አንቺ እንደጠረጠርሽው ሰው ልገጭ የወጣሁ አይደለሁም፤ እሱ ነው ያስቀየመኝ። እንቁላሉ ግን መድረስ አለበት። ስለዚህ እትዬሽን አስተማርኳት። የለማጅ ፈቃድ አወጣችና ጠዋት ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ እናደርሳለን። በስድሳ ዓመቷ፣ ፍሪሲዮን ስትለቅ ብታያት፣ እንቁላል ከእንቁላል አይነካም። ከተማሪዎቼ ሁሉ እንደሷ ያለ እግር አላየሁም። ላንቺ የደበቅነው ኢንሹራንሱ በስምሽ ስለሆነና ልቤ ስላፈረ ነው።

አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ቀኟ ላይ ትሰንፋለች። አጠገቧ ሆኜ ቀኙን እየጠበቅሁላት፣ "ነጻ ነው፣ ሂጂ" ብዬ እየነገርኳት እንኳን ቋሚውን ትነካዋለች። እሱም በልምምድ ይስተካከላል።

ለለማጅ አንከፍልም ብለው ጥያቄሽን ዘግተውታል፤ ውሉን ግን አላፈረሱም። ፈተናዋ ሰኔ ላይ ነው። መኪናዋን አትሽጪብን። እሷን ከሸጥሽ እንቁላሉም ይቀራል፣ ፈተናዋም ይቀራል፣ እኔም ግድግዳ ተደግፎ የሰው ኮቴ የሚያዳምጥ ሽማግሌ እሆናለሁ። ይህን ፈርቻለሁ። ካንቺ አልደብቅም፣ በጣም ፈርቻለሁ።

አጎትሽ


ግንቦት 2

ለጋሼ፤

ጉልበትዎን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይኸው እየለቀምኩ ነው። መኪናዋ አትሸጥም። ከእጃችሁ አላወጣትም፤ እትዬ መሪ ይዛ ሳላያት ብሞት ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፣ የዓይን ሐኪም ይሂዱ። ዕድሜ ነው የሚሉትን ሐኪሙ ይበለው። ለእኔ ሲሉ ይሂዱ፤ እዚህ ሆኜ እጅዎን ይዤ ልወስድዎት አልችልም።

ኢንሹራንሱን ደግሞ ገና አልተውኩትም። የለማጅ ፈቃድ ካላት፣ አጠገቧም አስተማሪ ካለ፣ ለምን አይከፍሉም? እትዬ ፈተናዋን ስታልፍ እንደገና ጽፌ እከራከራቸዋለሁ።

ከዚህ ጋር ለእትዬ አንዲት ወረቀት አለች። የሴት ነገር ናት፣ ይስጡልኝ።

ልጅዎ

*

እትዬ፣ የኔ እናት፤

ይህን በጉንዳን ፊደል የጻፍኩት እሱ እንዳያነበው ነው። ቀኙን የሚጠብቅልሽ እሱ ነው አለኝ። ጉሙ ያለው ቀኝ ዓይኑ ላይ ነው አለኝ። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ጽፎ ሳያገናኛቸው አለፈ። እኔ መጠየቅ አፈርኩ፣ አንቺን ግን እጠይቃለሁ። "ነጻ ነው" የሚልሽ በየትኛው ዓይኑ እያየ ነው? አንቺስ ይህን ታውቂያለሽ?


ግንቦት 25

ልጄ፣ ዓለሜ፤

ሰላምታና ምርቃቱን ጋሼሽ ያውቅበታል፤ እኔ ደህና ነሽ ወይ ብቻ ነው የምለው። ደህና ሁኚልኝ።

ወረቀትሽን አገላብጦ አገላብጦ "ይህቺ ልጅ ዛሬም ጉንዳን ላከች" ብሎ ሰጠኝ። አንብቤ ጡቴ ሥር ከተትኳት። መልስ ልጽፍ እያልኩ እጄን ሲይዘኝ ሰነበተ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዳችን ልንወጣ ሆነ። እሱ በቀኜ ተቀምጧል። የቀኙን ስፖኪዮ ወደ ራሱ አዙሮታል፤ ሲያስተምር ኖሮ ልማዱ ነው፣ ግራው የነጂው፣ ቀኙ የእሱ። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ። "ነጻ ነው፣ ሂጂ" አለኝ። እኔ ዞር ስል ልብስ ሰፊው ቋሚው ሥር ጎንበስ ብሎ የተንከባለለበትን የክር ጥቅል ያነሳል። ፍሬኑን ረገጥኩት። እንቁላሉ ከኋላ ሲንኳኳ ሰማሁ።

"ለምን ቆምሽ?" አለኝ።

"ሰው አለ።"

"የታል?"

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ፣ እንደምን አደራችሁ ብሎን፣ በቀኙ መስኮት ጥግ አለፈ። ጋሼሽ ድምፁን ሰማው እንጂ አላየውም። ድምፁ ወደ ሄደበት ዞሮ ቆየ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደና መኪናዋን እየዳበሰ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቋሚውን በእጁ ያዘው። እንደዚያ ይዞት ቆመ። ሞተሩን አጠፋሁ።

ተመልሶ ሲቀመጥ "እስከ ዛሬ ቋሚውን ታይው ነበር?" አለኝ።

"አየው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሄድሽ?"

"ሂጂ አልከኝ።"

እንቁላሉን ለልብስ ሰፊው አደራ ብለን በእግራችን ሐኪም ቤት ሄድን። ቀኝ ዓይኑን ውስጥ ውስጡን የዓይን ግፊት ገድሎታል አሉን፤ አይመለስም። ግራውም ጀምሮታል። ለግራው ጠዋትና ማታ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጥተውታል፤ ካላቋረጠው ሊያቆየው ይችላል አሉ። ሐኪሟ መስከረም ላይ ብትመጡ ኖሮ ብላ ካርዱ ላይ መጻፏን ቀጠለች። ይህን ለማንም አትናገሪ፤ ሌሊት ሌሊት የሚበላኝ እሱ ነው። እኔ ክብሩን ስጠብቅ ዓይኑ ሄደ።

መድኃኒቱን የማንጠባጥብለት እኔ ነኝ። ስፖኪዮውን ወደ እኔ መልሶታል። አሁን ኋላ ወንበር ላይ እንቁላሉን አቅፎ ነው የሚሄደው፤ "ቀስ" ማለቱን ግን አልተወም።

ኢንሹራንሱን እከራከራለሁ ያልሽውን ተይ፣ አትከራከሪ። ያ ረጅሙ ገማች ሲወጣ በር ድረስ ሸኝቼው ነበር። እኛ የምንከፍለው ሳያውቁ ለደረሰ ነገር ነው፣ ሰው አውቆ ለጫረው መኪና ማንም አይከፍልም አለኝ። እሱ እንዲሁ ወሬ ብሎ ነው ያወራልኝ። እኔ ግን አራቱንም አይቼ ነው የጫርኳቸው።

እትዬሽ